ጋቢና ነበርኩ፣ ቀበቶ አላሰርኩም፤ ካሳዬ ቀረ ማለት ነው?

ጥያቄው ይህ ነው፦

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምሠራው ፒያሳ ነው። ከ14 ወር በፊት ከሥራ ስንወጣ ባልደረባዬ ለገሃር ላድርስሽ ብሎ በቪትዙ ጫነኝ። ጋቢና ነበርኩ። ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል ስንወርድ ከቀኝ በኩል ካለ የውስጥ መንገድ አንድ ፒክአፕ ሳይቆም ወጣና በእኔ በኩል ያለውን በር መታው። ቪትዟ ተገፍታ ሄዳ ከመብራት ምሰሶ ጋር ተላተመች። ቀኝ እግሬ ከጉልበት በታች ሁለት ቦታ ተሰበረ፤ ብረት ገብቶበታል። ግንባሬ የፊት መስታወቱን መትቶ ተሰፋሁ፤ ጠባሳው አሁንም አለ። ትራፊክ ፖሊስ ጥፋቱ የፒክአፑ ነው ብሏል። የፒክአፑ ኢንሹራንስ ሰው ግን ‹ቀበቶ ስላላሰርሽ የራስሽ ጥፋት ነው፣ ካሳ አይገባሽም› አለኝ። ስለምነው ‹እሺ፣ ግማሹን ፈርመሽ ውሰጂ› አለ። እውነቱን ነው? ፍርድ ቤት ብሄድስ ‹አስሬ ነበር› ብል አይሻለኝም?»

የኔ ልጅ፣ እንኳን ነፍስሽ ተረፈ። በዕድሜ አባትሽ ሳልሆን ስለማልቀር አንቺ እያልኩ ብጽፍ ቅር አይበልሽ።

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። «አስሬ ነበር» አትበዪ። ይህን የምልሽ ውሸት ኃጢአት ስለሆነ ብቻ አይደለም። ውሸቱ አይሠራም። ጋቢና የተቀመጠ ሰው ቀበቶ ካሰረ በከባድ ግጭት ጊዜ ከቀኝ ትከሻው ወደ ግራ ወገቡ የሚወርድ ሰንበር ይወጣበታል። አንዳንዴ የጎን አጥንት ይሰነጠቃል። ድንገተኛ ክፍል የተቀበለሽ ሐኪም ካርድሽ ላይ የጻፈው ግን ስለ ግንባርሽና ስለ እግርሽ ነው። መስታወቱ ራስሽ ያረፈበት ቦታ ላይ እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጥቋል፤ ያንን የሚያሳይ ፎቶ ደግሞ አንድ ሰው ስልክ ውስጥ መኖሩ አይቀርም። ከዚህ ሁሉ በኋላ «አስሬ ነበር» ስትዪ ዳኛው ስለ ቀበቶው ብቻ ሳይሆን ስለ እግርሽም አያምንሽም። በሐሰት መናገር በወንጀል የሚያስጠይቅ መሆኑ ሳይረሳ።

ደግሞም መዋሸት አያስፈልግሽም። እውነቱ ከምታስቢው በላይ ይጠቅምሻል።

የኢንሹራንሱ ሰው ሁለት ነገር አደባልቆብሻል። አንደኛው አደጋውን ምን አመጣው የሚለው ነው። ሁለተኛው ጉዳቱን ምን አከበደው የሚለው ነው። ቀበቶ አለማሰርሽ ፒክአፑን ከውስጥ መንገድ አላስወጣውም። ብታስሪም ባታስሪም ይወጣ ነበር። ስለዚህ ለአደጋው አንቺ አንዲት ቅንጣት ድርሻ የለሽም። ቀበቶ የሚነሳው ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ሲደረስ ብቻ ነው። እዚያም ቢሆን የሚጠየቀው «አሰርሽ ወይ?» ተብሎ ብቻ አይደለም። «ብታስሪ ኖሮ የትኛው ጉዳት ይቀር ነበር?» የሚለው ነው ዋናው።

ሕጉን ላስቀምጥልሽ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የ1952 ዓ.ም. ነው። አንቀጽ 2081 የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ሲነዳ የነበረው ሌላ ሰው ቢሆንም ለውጥ የለውም። አንቀጽ 2086 ደግሞ ባለቤቱ «እኔ ምንም አላጠፋሁም» በማለት ብቻ አያመልጥም ይላል። የሚያመልጠው ወይም የሚቀነስለት ጉዳቱ በሙሉ ወይም በከፊል በተጎጂው ጥፋት የደረሰ ሲሆን ነው። ይህን የማስረዳቱ ሸክም የሱ ነው። አንቺ ቀበቶ ባስርም እግሬ ይሰበር ነበር ብለሽ እስክታስረጂ አይጠበቅም። እሱ ነው ብታስር ኖሮ አይሰበርም ነበር ብሎ ማስረዳት ያለበት።

አሁን ወደማይጥመው ክፍል ልምጣ። ቀበቶ አለማሰር ጥፋት ነው? አዎ፣ ነው። አንቀጽ 2035 በሕግ ወይም በደንብ በግልጽ የተቀመጠን ነገር መጣስ በራሱ ጥፋት ነው ይላል። የትራፊክ ደንቡ ደግሞ ጋቢና የተቀመጠ ሰው ቀበቶ እንዲያስር ያዛል። «ሰውነቴ የኔ ነው፣ ማንን ጎዳሁ?» የሚለው ክርክር እዚህ ላይ ይሞታል። የዓለም ጤና ድርጅት ቀበቶ በፊት ወንበር ላይ ላለ ሰው የመሞት አደጋን ከ45 እስከ 50 በመቶ ይቀንሳል ይላል። ዳኛ ይህን ሰምቶ ቀበቶ ጌጥ ነው አይልም።

ከዚያ አንቀጽ 2098 ይመጣል። ያንቺ ጉዳይ የሚያርፈው እዚህ አንቀጽ ላይ ነው። ጉዳቱ በከፊል በተጎጂው ጥፋት የደረሰ ከሆነ ተጎጂው የሚያገኘው ከፊል ካሳ ነው። ምን ያህል ይቀነስ የሚለውን ዳኛው ሁኔታውን ሁሉ አይቶ ይወስናል። በተለይ የሚያየው የጥፋቶቹን ክብደትና እያንዳንዱ ጥፋት ለጉዳቱ ያዋጣውን ድርሻ ነው። ልብ በዪ፤ «ለጉዳቱ» ነው እንጂ «ለአደጋው» አይደለም። ደግሞ «ከፊል ካሳ» ነው የሚለው። «ካሳ አይገባውም» የሚል ቃል እዚያ የለም። የኢንሹራንሱ ሰው የመጀመሪያ አረፍተ ነገር እዚህ ላይ ወደቀ።

(አንድ ነገር ሁሌ ይገርመኛል። ዛሬ ሁላችንም የምናውቀውን ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ ኒልስ ቦሊን የሚባል የቮልቮ መሐንዲስ ሠራው። የመጀመሪያው መኪና ስዊድን ውስጥ ለገዢ የተሰጠው በነሐሴ 1951 በእኛ አቆጣጠር ነው። ሬኔ ዳቪድ የሚባለው ፈረንሳዊ ምሁር ያረቀቀው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ደግሞ የታወጀው በሚያዝያ 1952። የወራት ልዩነት ነው። ሕጉን የጻፈው ሰው ስለ ቀበቶ ምንም አላሰበም ይሆናል፤ አንቀጹ ግን ልክ ለሱ የተሰፋ ይመስላል።)

አሁን ወዳንቺ አደጋ። ዕድለኛ ነሽ አልልም፤ ለክርክር ግን የተመቸ አደጋ ነው። ሁለት ምት ነው ያለው። የመጀመሪያው ከጎን ነው፤ በሩ ወደ ውስጥ ገብቶ እግርሽን ሰበረው። ሁለተኛው ከፊት ነው፤ መኪናዋ ምሰሶውን ስትመታ ወደ ፊት ተወርውረሽ ግንባርሽ መስታወቱን መታ።

ቀበቶ ሰውን ወንበሩ ላይ ይይዛል። ወደ ፊት እንዳይወረወር ያደርገዋል። ስለዚህ ግንባርሽን በተመለከተ የኢንሹራንሱ ሰው ክርክር አለው፤ አልክደውም። እግርሽ ግን ወደ በሩ አልሄደም። በሩ ነው ወደ እግርሽ የመጣው። ወንበርሽ ላይ በደንብ ታስረሽ ብትቀመጪም እግርሽ ያው እዚያው ቦታ ነበር።

ይህን ግን እንዲህ በቀላሉ አይለቁትም። ልምድ ያለው ጠበቃ ከመጣ የሚለው ይታወቃል። «እግሯ የተሰበረው በበሩ አይደለም፤ ከምሰሶው ጋር ሲጋጩ ወደ ፊት ተንሸራታ ከዳሽቦርዱ ጋር ነው የተጋጨችው» ይላል። መልሱ አጥንትሽ ላይ ነው ያለው። ዳሽቦርድ የሚመታው ጉልበትን ነው። ጉዳቱም አብዛኛውን ጊዜ የጉልበት ሎሚ፣ የጭን አጥንት ወይም ዳሌ ላይ ነው የሚታየው። ያንቺ ከጉልበት በታች ነው፤ ከጎን የመጣ ምት ነው። ራጅሽን ያየ የአጥንት ሐኪም ይህን በሁለት መስመር ሊጽፍልሽ ይችላል። የበሩ ፎቶ ካለ ደግሞ አንድ ፎቶ አምስት ገጽ ክርክር ይተካል። ባልደረባሽ መኪናውን ጋራዥ ከማስገባቱ በፊት አንስቶ እንደሆነ ጠይቂው። ካላነሳ ጋራዡን ጠይቂ፤ ዋጋ ሲያወጡ ብዙ ጊዜ ያነሳሉ።

ወደ ብር እንለውጠው። ቁጥሮቹ የኔ ምሳሌ ናቸው፤ የራስሽን ታስገቢበታለሽ። ለእግርሽ ኦፕሬሽን፣ ብረት፣ ፊዚዮቴራፒ፣ ሥራ የቀረሽበት ደሞዝና ወደፊት የሚቀንስብሽ ገቢ ተደምሮ 400,000 ብር ነው እንበል። ለግንባርሽ ስፌትና ጠባሳውን ለማስተካከል የሚያስፈልገው 80,000 ብር። ድምሩ 480,000። ሰውየው «ግማሹን ውሰጂ» ሲል 240,000 ይዘሽ ትወጫለሽ ማለት ነው። ዳኛ ፊት ቀርበሽ ቅነሳው የግንባሩ ጉዳት ላይ ብቻ እንዲያርፍ ብታደርጊና ዳኛው ሩቡን ቢቀንስብሽስ? የምታጪው 20,000 ብር ነው። 460,000 ይቀርሻል። የ220,000 ብር ልዩነት የመጣው ሁለቱን ጉዳት በመለየትና ቅነሳው ከግማሽ ወደ ሩብ በመውረዱ ነው።

ሩብ ያልኩት ከመሬት ተነስቼ አይደለም። እንግሊዝ አገር በ1975 እ.ኤ.አ. ፍሩም ከበቸር ጋር በተከራከረበት ጉዳይ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ፣ ሎርድ ዴኒንግ የመሩት ችሎት፣ አንድ መለኪያ አስቀመጠ። ቀበቶው ጉዳቱን ሙሉ በሙሉ የሚያስቀር ከነበረ ከካሳው 25 በመቶ ይቀነስ። ጉዳቱን ቀለል ብቻ የሚያደርገው ከነበረ 15 በመቶ። ምንም ለውጥ የማያመጣ ከነበረ ዜሮ። አሜሪካን ያየን እንደሆነ ደግሞ ብዙ ግዛቶች ውስጥ ቀበቶ አለማሰርን ለካሳ መቀነሻ ማንሳት ጭራሽ አይፈቀድም። የእንግሊዝ ፍርድ ልደታ ያለውን ዳኛ አያስገድደውም። አስተሳሰቡ ግን ከአንቀጽ 2098 ጋር አንድ ነው፤ ክርክር ላይ ባነሳው አላፍርም። በተለይ ዜሮው ላንቺ እግር ነው የተሠራው።

አየሽ፣ እዚያም ቢሆን ጣሪያው ሩብ ነው። መንገድ ላይ ሳያይ ለወጣ መኪናና ቀበቶ ለረሳች ተሳፋሪ እኩል ጥፋት መስጠት ለማንም አይዋጥም። «ግማሽ» የሚለው ቁጥር ከሕግ የመጣ አይደለም። ከሰውየው ጠረጴዛ የመጣ ነው። በሰውየው አልፈርድም፤ ሥራው ነው። ትንሽ ከፍሎ ፋይል መዝጋት።

የሦስተኛ ወገን መድንን በተመለከተ አንድ ነገር እወቂ። በአዋጅ 799/2005 መሠረት ማንኛውም ተሽከርካሪ ይህ መድን ሊኖረው ግድ ነው። ነገር ግን መድን ሰጪው የሚከፍለው እስከተወሰነ ጣሪያ ድረስ ነው። ካሳሽ ከጣሪያው ካለፈ የተረፈውን የፒክአፑ ባለቤት ከኪሱ ይከፍላል። ስለዚህ ክስ ከሆነ ሁለቱንም ነው የምትከሺው። ብዙ ሰው ኢንሹራንሱ «ከዚህ በላይ የለም» ሲለው ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ኢንሹራንሱ ያለው «ከኔ ዘንድ ከዚህ በላይ የለም» ነው።

ወረቀት ላይ እንምጣ። የትራፊክ ፖሊሱ ያነሳው ፕላን ዋና ማስረጃሽ ነው። ፒክአፑ ከየት እንደወጣ፣ ቪትዟ የት እንደተመታች፣ ምሰሶው የት እንዳለ የሚያሳየው እሱ ነው። ሁለቱ ምቶች ተለይተው መታየታቸውን አረጋግጪ። የፒክአፑ ሹፌር በወንጀል ተከሶ እንደሆነም ተከታተዪ። ቢፈረድበት ይጠቅምሻል። ነፃ ቢወጣም አትደንግጪ፤ በአንቀጽ 2149 መሠረት የፍትሐ ብሔር ዳኛው በነፃ መለቀቁ አያስረውም።

ከሁሉ በላይ ግን የሐኪም ማስረጃው። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሸወደው። ሐኪሞቻችን ሥራ በዝቶባቸው «በመኪና አደጋ ልዩ ልዩ ጉዳት ደርሶባታል» ብለው ጽፈው ማኅተም ይመቱልሻል። ይህ ወረቀት ይጎዳሻል። ጉዳቶችሽ አንድ ላይ ከታሰሩ ቅነሳውም አንድ ላይ ይመጣል። ሂጂና በትሕትና ለምኚ። እግሩ ለብቻው፣ ግንባሩ ለብቻው ይጻፍ። እያንዳንዱ በምን ዓይነት ምት የመጣ እንደሚመስል ይጻፍ። ደረሰኞችሽንም እንዲሁ በሁለት ፖስታ ለያቸው። የእግር የእግር፣ የግንባር የግንባር። አንድ ጊዜ እኔ ራሴ ይህን ሳላደርግ ችሎት ገብቼ፣ ዳኛዋ «ይህ የመድኃኒት ደረሰኝ የየትኛው ነው?» ብላ ስትጠይቀኝ ከደንበኛዬ ጋር ተያይተን ቀርተናል።

እግርሽ ላይ ቋሚ ጉዳት የሚቀር ከሆነ የሕክምና ቦርድ ትቀርቢና የአካል ጉዳቱ በመቶ ይወሰናል። የወደፊት ገቢሽ የሚሰላው ከዚህ ቁጥር ተነስቶ ነው። ብረቱ ወደፊት በኦፕሬሽን የሚወጣ ከሆነም ያንን አስጽፊ። አንቀጽ 2092 መድረሱ እርግጠኛ የሆነ የወደፊት ጉዳት እስኪደርስ ሳይጠበቅ ካሳ ይከፈልበታል ይላል። የጠባሳው ማስተካከያም እንዲሁ።

ጠባሳውን ካነሳን አይቀር፣ ስላመጣብሽ ሐዘንና መሸማቀቅ የሞራል ካሳ መጠየቅ ትችያለሽ። ግን ተስፋሽን አታሳድጊ። አንቀጽ 2116 የሞራል ካሳን ከ1,000 ብር አያስበልጥም። በ1952 ዓ.ም. ያ ቁም ነገር ያለው ገንዘብ ነበር። ዛሬ ለሁለት ሰው ክትፎ ላይበቃ ይችላል። ስለዚህ ግንባርሽ ላይ የደረሰውን በሕክምና ወጪ አድርገሽ ጠይቂው፤ በሞራል ብቻ ካስቀመጥሽው ባዶ እጅሽን ነው የምትመለሺው።

ሌሎች አንባቢዎችም ተመሳሳይ ነገር ስለሚጠይቁኝ በአጭሩ ልንካው። በሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ጋቢና ተቀምጦ ቀበቶው የማይቆለፍ ሆኖ የተጎዳ ሰው «አላሰርክም» ሊባል አይገባም። ያልነበረ ነገር እንዴት ይታሰራል? ትራፊክ ሲታይ ሹፌሩ «ደረትህ ላይ ጣል አርጋት» የሚለው ቀበቶ፣ ቀበቶ አይደለም። ይህ የባለቤቱ ጥፋት ነው። ቢቻል መቆለፊያው እንደማይሠራ በስልክ ቪዲዮ ይነሳ፤ መኪናው ከተጠገነ በኋላ ማረጋገጫ የለም። ከፍሎ የተሳፈረ ሰው በተሳፈረበት መኪና ባለቤት ላይ ሲከስ ደግሞ የንግድ ሕጉ የማጓጓዣ ውል ድንጋጌዎች ስለሚገቡበት ስሌቱ ከዚህኛው ይለያል። አንቺ የምትከሺው የሌላውን መኪና ባለቤት ስለሆነ አይመለከትሽም።

ሌላው ደግሞ የመኪናው ማስጠንቀቂያ ጢጢ እንዳይል ቀበቶውን ከጀርባው አሳልፎ የሚቆልፈው ነው። ይህኛውን ለመከላከል ጠበቃም ያፍራል። ረስቼ ነው እንኳን ማለት አይቻልም፤ አስቦበት ነው ያደረገው። የጥፋት ክብደት ሲመዘን ከረሳው ሰው የባሰ ነው።

ወደ ቀረበልሽ ግማሽ ልመለስ። ሰውየው እንድትፈርሚ የሚሰጥሽ ወረቀት ላይ «ከዚህ በኋላ ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም» የሚል መስመር ይኖራል። ይህ እርቅ ነው። በሕጋችን እርቅ በተስማሙት ሰዎች መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ይቆጠራል። ከፈረምሽ በኋላ ብረቱ ቢያመረቅዝ፣ ሌላ ኦፕሬሽን ቢያስፈልግ የምትሄጂበት በር የለም። መደራደር ጥሩ ነው፤ እኔም ብዙውን ጉዳይ የምጨርሰው በድርድር ነው። ግን ቦርዱ ሳይወስን፣ ሐኪሙ «እግርሽ ከዚህ በላይ አይለወጥም» ሳይልሽ እጅሽ ብዕር እንዳይነካ። ስትደራደሪም «ከግንባሩ ቀንሱ፣ እግሩን ግን አትንኩ» በዪ። ይህን አንድ አረፍተ ነገር ስትዪ ሰውየው አማካሪ እንዳለሽ ይገባዋል።

የዳኝነት መክፈያ ከሌለሽ በድሃ ደንብ መክሰስ ይቻላል። ሬጅስትራሩን ጠይቂ፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

የመጨረሻው ነገር ጊዜ ነው። አንቀጽ 2143 ክሱ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት ይላል። ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀል ሕጉ የይርጋ ጊዜ፣ ማለትም የመክሰሻ ገደቡ፣ ከዚህ ከረዘመ ረጅሙ ይሠራል፤ አንቺ ግን በዚያ ተማምነሽ አትተኚ። ኢንሹራንሱ ጋ «ነገ ነይ» እየተባለ የሚያልፈው ጊዜ ዝም ብሎ ይቆጠርብሻል። 14 ወር ሄዷል፤ 10 ወር ቀርቶሻል። ቦርድ መቅረቡ፣ የሐኪሙን ወረቀት ማስተካከሉ፣ የፕላኑን ቅጂ ማስወጣቱ ከዚያ ላይ ሦስት አራት ወር ይበላል። ሰኞ ጠዋት መጀመሪያ ወደ ሐኪምሽ ሂጂ፤ ኢንሹራንሱ ይቆይ።